ኮረሪማ በካፋ ጓሮ፦ የአንድ የደን አበባ ታሪክ

በካፋ ዞን፣ በተለይም በቦንጋ ዙሪያ በሚገኙት ጊምቦ፣ ዴቻና ጨና በሚባሉት ወረዳዎች፣ የገበሬው ጓሮ አልቆ ደኑ የሚጀምርበትን መስመር ለይቶ ማመልከት ለአካባቢው እንግዳ የሆነን ሰው ያስቸግረዋል። ከቤቱ ጀርባ እንሰት ይቆማል፤ ከእንሰቱ ቀጥሎ ቡና ይመጣል፤ ከቡናው በላይ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ብርብራና ሰሳ ጥላቸውን ይጥላሉ፤ ከሁሉም በታች፣ ፀሐይ በቅጠል መካከል ተሰባብራ በምትደርስበት እርጥብ አፈር ላይ፣ ኮረሪማ ቅጠሉን ዘርግቶ ይገኛል። ከእነዚህ ተክሎች አብዛኞቹ ከጓሮው አጥር ባሻገር ባለው ደን ውስጥም ሰው ሳይተክላቸው የሚበቅሉ ናቸው። ይህን መመሳሰል ተፈጥሮ ብቻ ያመጣችው አድርጎ መመልከት ግን ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም የደን ተክል በሰው እጅ ተነቅሎ ቤት አጠገብ የሚተከለው አንድ ነገር ሲያስገድድ ወይም ሲያጓጓ ነው፤ አስገዳጁና አጓጊው ነገር ደግሞ በካፋ ከንግድ፣ ከጦርነትና ከመሬት ሥሪት ታሪክ ጋር የተሳሰረ ነው።

ቦንጋ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ በዙሪያዋ ያለው ምድር በዓመት ውስጥ ለብዙ ወራት ዝናብ የማይለየው በመሆኑ ሁልጊዜ አረንጓዴ የሆነ የደጋና የወይና ደጋ ደን ተሸክሟል። በዚህ ደን ከፍታ ላይ እንደ ቀረሮና እንደ ገተማ ያሉ ግዙፍ ዛፎች ጣሪያውን ይሠራሉ፤ በመካከለኛው እርከን ቡናን ጨምሮ አነስተኛ ዛፎችና ቁጥቋጦዎች ይቆማሉ፤ ከሥር ደግሞ ጥላ የለመዱ፣ ግንዳቸው እንጨት ያልሆነ እጽዋት መሬቱን ይሸፍናሉ። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) እ.ኤ.አ. በ2010 የካፋን ባዮስፌር ክልል፣ ማለትም የተፈጥሮ ጥበቃና የሰው ኑሮ ጎን ለጎን እንዲሄዱ የተከለለውን ሰባት መቶ ሺህ ሄክታር የሚያልፍ ስፍራ፣ በዓለም አቀፍ መዝገብ ሲያሰፍር ቀዳሚው ምክንያት የጫካ ቡናው ነበር። በቡናው ዝና የተነሣ ሌሎቹ የደን ሥር እጽዋት ብዙም አይወሳላቸውም፤ ከመካከላቸው በሰው እጅ ረጅሙን መንገድ የተጓዘው ኮረሪማ ነው።

ኮረሪማ ከዝንጅብልና ከእርድ ወገን የሆነ፣ ዓመት አልፎ ዓመት የሚኖር ተክል ነው። ዋና አካሉ ከመሬት በታች አግድም የሚሳብ፣ ሥር የሚመስል ግን በእውነቱ ግንድ የሆነ ክፍል ሲሆን፣ የእጽዋት ተመራማሪዎች ይህን የመሰለውን የምድር ውስጥ ግንድ ራይዞም ይሉታል። ከራይዞሙ ላይ አንድ ሜትርና ከዚያም በላይ የሚረዝሙ ቅጠላም አገዳዎች ይወጣሉ፤ አበባው ግን በእነዚህ አገዳዎች ጫፍ ላይ አይታይም። አበባ የሚሸከመው አጭር ቅርንጫፍ ለብቻው ከራይዞሙ ተነሥቶ፣ በረገፈ ቅጠል መካከል አፈሩን ገፍቶ ብቅ ስለሚል፣ አበባውን ለማየት ጎንበስ ብሎ ቅጠሉን መግለጥ ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ሰፊና ስስ የሆነ፣ ከነጭ እስከ ፈዛዛ ሐምራዊ የሚደርስ፣ ጉሮሮው ውስጥ ቢጫ የጣለበት ከንፈር መሰል ቅጠለ አበባ ይታያል፤ በውበቱ በየከተማው አደባባይ ከሚተከሉት የውጭ አበቦች አያንስም። አበባው ሲረግፍ በስፍራው እንደ ትንሽ ጠርሙስ አንገቱ የቀጠነ ፍሬ ይቀራል፤ ሲበስል ደማቅ ቀይ ይሆናል፤ ሲደርቅ ወደ ቡናማ ይለወጣል። በየቤቱ ለበርበሬ፣ ለሚጥሚጣ፣ ለቅቤ ማንጠሪያና ለቡና የሚውለው መዓዛ ያለበት ዘር በዚህ ፍሬ ውስጥ በሦስት ክፍል ታጭቆ ይገኛል።

የውጭው ዓለም ኮረሪማን ያወቀው በፍሬው ሲሆን፣ ይህም የንግዱን አካሄድ ያሳያል። እንግሊዛዊው ተጓዥ ቻርልስ ቢክ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ በጎጃም በቆየበት ጊዜ፣ በባሶ ገበያ ከዓባይ ማዶ የሚመጣውን ኮረሪማ አይቶ መዘገበ፤ ለንደን የነበረው የመድኃኒት እጽዋት ሊቅ ጆናታን ፔሬራም በ1847 ፍሬውን ገለጸ፤ በተከታዩ ዓመት ጀርመናዊው የእጽዋት ተመራማሪ አሌክሳንደር ብራውን ለተክሉ ሳይንሳዊ ስም ሰጠው። ከእነዚህ መካከል አንዳቸውም ተክሉ በበቀለበት ደን አልደረሱም። እ.ኤ.አ. በ1874 በለንደን የታተመ የመድኃኒት እጽዋት ታሪክ መጽሐፍ ፍሬው እየተበሳ በገመድ ይሰካና ይደርቅ እንደነበር፣ ወደ ምፅዋ ወርዶ ለሕንድና ለዓረብ አገር እንደሚጫን፣ በገመድ የተሰካውም ፍሬ ዓረቦች ዘንድ አንዳንድ ጊዜ ለመቁጠሪያነት እንደሚያገለግል ይገልጻል። በገመድ የተሰካ ኮረሪማ ዛሬም በገበያ የሚያጋጥም በመሆኑ፣ ፍሬውን በዚህ መንገድ የማዘጋጀት ልማድ ቢያንስ መቶ ሃምሳ ዓመት እንደ ዘለቀ በእርግጠኝነት ይነገራል። ሕያው ተክሉ በዝርዝር ተጠንቶ ዛሬ የሚጠራበትን ሳይንሳዊ ስም ያገኘው ግን፣ ሆላንዳዊው ያንሰን ስለ ኢትዮጵያ ቅመማ ቅመምና የመድኃኒት እጽዋት የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1981 ሲታተም ነው፤ ማለትም የውጭው ሳይንስ ከፍሬው ወደ አበባው ለመድረስ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል።

በባሶ ገበያ የታየው ኮረሪማ ሁሉ ከካፋ የመጣ ነው ማለት አይቻልም፤ ተክሉ በደቡብ ምዕራብና በደቡብ ኢትዮጵያ በሌሎችም ደኖች ይበቅላልና። ይሁን እንጂ ካፋ የዚያ ንግድ አንዱ ጫፍ እንደ ነበረች ጥርጥር የለውም። የካፋ መንግሥት ታቶ በሚባል ማዕረግ በሚጠሩ ነገሥታትና ሚክሬቾ በሚባል የመማክርት ጉባኤ ይተዳደር የነበረ ሲሆን፣ ድንበሩን በደን፣ በጥልቅ ቦይና በበር ጠባቂዎች ዘግቶ የውጭ ነጋዴዎችን እንቅስቃሴ ይቆጣጠር ነበር። የቦንጋ ገበያ ባሪያ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ቡና፣ ማርና ኮረሪማ የሚወጣበት በር ነበር፤ ከዚያ ተነሥቶ ሸቀጡ በጅማ ሒርማታ፣ በሊሙ እናርያ ሳቃ፣ ዓባይን ተሻግሮ በጎጃም ባሶ፣ ከዚያም በጎንደር በኩል እስከ ምፅዋ ይዘልቅ ነበር። ድንበሩ እንዲህ የተዘጋ ቢሆንም፣ እ.ኤ.አ. በ1843 ተጓዡ አንትዋን ዳባዲ፣ ከ1859 እስከ 1861 ደግሞ የካፑቺን ሚሲዮናዊው ጉሊየልሞ ማሳያ ካፋ ገብተው ነበር። የቅመም ነጋዴ ከባሪያና ከዝሆን ጥርስ ነጋዴ ጋር አንድ መንገድ ላይ ይጓዝ ስለነበር፣ የኮረሪማን የንግድ ታሪክ ከዚያ ዘመን ጭካኔ ነጥሎ እንደ ንጹሕ የጓዳ ታሪክ ማቅረብ አይገባም።

በዚያ ዘመን ፍሬው በብዛት የሚለቀመው ከደን ነበር፤ ደኑ ግን ባለቤት የሌለው ባዶ ስፍራ አልነበረም። በካፋና በአጎራባቹ በሸካ ኮቦ በሚል ስም የሚታወቀው ልማዳዊ የደን ይዞታ፣ አንድ ቤተሰብ በተወሰነ የደን ክፍል ቀፎ የመስቀል፣ ቡናና ቅመም የመልቀም መብት እንዲኖረው የሚያደርግ፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሥርዓት ነው። በደኑ ውስጥ ዛፍ የማይቆረጥባቸው፣ ዴጆ የሚባለው የምስጋናና የመሥዋዕት ሥርዓት የሚፈጸምባቸው የተከበሩ ስፍራዎችም ነበሩ። በማኅበረሰቡ ዘንድ ተገልለው ይኖሩ የነበሩት ማንጆዎች ደግሞ በአደንና በደን ውጤት የሚተዳደሩ፣ የመንግሥቱንም በሮች የሚጠብቁ ነበሩ፤ ስለ ደኑ ያላቸው እውቀት ከማንም ባያንስም በመሬት ይዞታው ረገድ ድርሻቸው የመነመነ ነበር። ከዚህ የሚከተለው ነገር ግልጽ ነው፦ የኮቦ ባለመብት የሆነ ሰው ኮረሪማውን ከደን ነቅሎ ቤቱ አጠገብ ለመትከል የሚያስቸኩል ምክንያት አልነበረውም፤ ደኑ ራሱ ከቤቱ ትንሽ ራቅ ያለ ጓሮው ነበርና።

ይህ ሁኔታ እ.ኤ.አ. በ1897 ተናጋ። በራስ ወልደ ጊዮርጊስ አቦዬ የበላይ መሪነት የዘመተው የዳግማዊ ምኒልክ ጦር፣ የጅማው አባ ጅፋር ጦር ጭምር የተሳተፈበት፣ ከወራት ውጊያ በኋላ የመጨረሻውን ታቶ ጋኪ ሸሮቾን በዚያው ዓመት መስከረም ወር ላይ ማረከ። በጦርነቱና ከእርሱ በኋላ በተከተለው ረሃብ፣ በሽታና የባሪያ ፍንገላ የካፋ ሕዝብ ክፉኛ ተመናመነ። ጦሩን ተከትሎ እ.ኤ.አ. በ1898 መጀመሪያ በካፋ ያለፈው ሩሲያዊው መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች የተቃጠሉ ቤቶችንና በአረም የተዋጡ ማሳዎችን አይቶ ጽፏል። በቀጣዮቹ ዐሥርት ዓመታት ሰው በተለየው መንደር ላይ ደን ተመልሶ ወጣ፤ የደን ታሪክ አጥኚዎች ዛሬ ድንግል ደን የሚመስለው የካፋ ደን አንዳንዱ ክፍል ቀድሞ የሚታረስና የሚኖርበት ምድር እንደ ነበር የሚናገሩት በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ደን ወደ ጓሮ ከመግባቱ በፊት ጓሮ ወደ ደን ገብቷል ማለት ይቻላል፤ አውስትሪያዊው ፍሪድሪክ ዩሊየስ ቢበር እ.ኤ.አ. በ1905 ካፋን ሲጎበኝ ያገኘውና በኋላ በሁለት ቅጽ የጻፈለት ሕዝብ ከዚህ ጥፋት የተረፈው ነበር።

ከወረራው በኋላ መሬት ለመኳንንት፣ ለወታደርና ለቤተ ክርስቲያን ተከፋፈለ፤ ብዙው ካፊቾ፣ ማለትም የካፋ ሰው፣ ገባር ሆነ። ማርና የመሳሰለው የደን ውጤት የግብር አካል ስለነበር፣ ቀድሞ በኮቦ የተያዘው ደን የጌታ ዓይን የሚያርፍበት ሀብት ሆነ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ገባርነትን ቢያስቀርም መሬትን በሙሉ የሕዝብ ሀብት ስላደረገ፣ ሰፊው ደን በሕግ የመንግሥት ሆነ፤ የኮቦ መብት ደግሞ በሕግ ፊት ዕውቅና አጣ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ የተካሄደው የመንደር ምሥረታ ዘመቻ በበኩሉ በየስፍራው ተበታትነው ይኖሩ የነበሩ ገበሬዎችን ከነባር ጓሯቸው አንሥቶ በአንድ ስፍራ አሰፈረ፤ እንሰት ለመድረስ ዓመታት እንደሚወስድ ለሚያውቅ ሰው የዚህ ጉዳት መጠን አይጠፋውም። የኮረሪማ ጓሮ መግባት ከሁሉ በላይ መታየት ያለበት በዚህ ዳራ ላይ ነው። ተክሉ ጓሮ የገባው የግብርና ባለሙያ ስለመከረ ብቻ አይደለም፤ ገበሬው በደኑ ላይ የነበረው መብት በተሸረሸረ መጠን፣ ማንም የማይጠይቀው መብት የቀረለት በቤቱ ዙሪያ ባለችው ቁራሽ መሬት ላይ ስለነበረ፣ የደኑን ሀብት ወደዚያች ቁራሽ መሳብ ብልህነት ሆነለት። አጥር ያለው ጓሮ የቀድሞውን ኮቦ በትንሹ ተካ።

ለዚህ የሚጨመር የዕለት ተዕለት ምክንያትም አለ። በደን ውስጥ ያለ የኮረሪማ ፍሬ ጦጣና ዝንጀሮ ይሻማበታል፤ ባለመብቱ ያልታወቀ እንደ ሆነ ደግሞ ሰው ሰውን ቀድሞ ለመልቀም ሲል ፍሬውን ሳይቀላ ይቆርጠዋል፤ ሳይበስል የተለቀመ ፍሬ ደግሞ ሲደርቅ ይሰለስላል፣ መዓዛውም ይደክማል። ቤት አጠገብ የተተከለው ግን ቀይ እስኪሆን ድረስ ይጠበቃል። በካፋ የእንሰትና የቅመም ሥራ በአብዛኛው የሴቶች ስለሆነ፣ የጓሮ ኮረሪማ ተለቅሞ፣ ደርቆና በገበያ ተሸጦ የሚያስገኘው ገንዘብም ብዙውን ጊዜ በእነርሱ እጅ የሚገባ ነው፤ ይህም ተክሉ ከቤት እንዳይርቅ የሚያደርግ ሌላ ኃይል ነው።

አተካከሉ የደኑን ሕግ የሚከተል ነው። ኮረሪማ ከዘርም ይበቅላል፤ የጓሮ ተካዩ የሚመርጠው ግን ራይዞሙን ነው፤ ምክንያቱም ከዘር የበቀለው ፍሬ ለመስጠት ከራይዞም ከተተከለው ይዘገያል። ዝናቡ ሲገባ ከቆየ ቁጥቋጦ ዳር፣ አንድ ሁለት ጤናማ አገዳ ያለው የራይዞም ቁራጭ ከነሥሩ ይወሰዳል፤ አገዳው ከፍ ብሎ ይቆረጥና በጥላ ሥር፣ የበሰበሰ ቅጠል በበዛበት አፈር ላይ፣ ብዙ ጥልቀት ሳይሰጠው ይቀበራል። ጥልቅ ጉድጓድ አይበጀውም፤ ራይዞሙ ከአፈሩ ገጽ ብዙም ሳይርቅ መሳብ ይወዳል፤ አበባውም ከዚያው ነው የሚወጣው። ስለዚህ በኮረሪማ ሥር መቆፈሪያ አይገባም፤ አረሙ በእጅ ይነቀላል፤ የረገፈው የዋንዛና የብርብራ ቅጠልም አይጠረግም፤ ይልቁንም እንደ ሽፋን ሆኖ እርጥበት እንዲይዝ ይተዋል። ንጹሕ ተጠርጎ የተቀመጠ ጓሮ ለዓይን ሊያምር ይችላል፤ ለኮረሪማ ግን የማይመች ነው። አንዴ ከያዘ በኋላ ራይዞሙ በራሱ እየተሳበ ስፍራውን ያሰፋል፤ ሲጨናነቅም እየተከፈለ ለልጅ፣ ለሙሽራና ለጎረቤት ይሰጣል። ተክሉ ከጓሮ ወደ ጓሮ የተዛመተው በዋናነት በዚህ የስጦታ መንገድ ስለሆነ የተጻፈ መዝገብ አልተወም።

የቡና ታሪክ ከዚህ ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ቢሆንም በአንድ ነገር ይለያል። የኢትዮጵያ የቡና አመራረት የጫካ፣ የከፊል ጫካ፣ የጓሮና የዘመናዊ እርሻ ተብሎ የሚከፈል ሲሆን፣ በካፋ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አንዳንዴ በአንድ ቤተሰብ ይዞታ ውስጥ ሳይቀር ይገኛሉ። የዴቻዋ ማንኪራ የቡና መገኛ ተብላ የምትጠራው በጫካ ቡናዋ ነው፤ ከእንዲህ ያለ ደን ከእናት ዛፍ ሥር የበቀለ ችግኝ ተነቅሎ ጓሮ መትከል የቆየ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1965 የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት የላከው የቡና ተልዕኮ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የቡና ዘር ሲሰበስብ ከደንም ከጓሮም ወስዷል። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፦ በከፊል ጫካ ቡና ገበሬው ፍሬ እንዲበዛለት ሲል በየዓመቱ የደኑን ሥር ይመነጥራል፤ በዚህ ምንጣሮ ከሚወድቁት የደን ሥር እጽዋት አንዱ ኮረሪማ ነው። ቡና በደን ውስጥ እየተስፋፋ በሄደ ቁጥር የኮረሪማ ስፍራ እየጠበበ ሄዷል፤ ከቡናው ምንጣሮ ተርፎ በሰላም የሚኖረው ባለቤቱ ለይቶ በተወለት የጓሮ ጥግ ነው። የዓለም ዝና ያለው ተክል ዝና የሌለውን ጎረቤቱን ከደን እየገፋ ወደ ቤት አቀረበው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የደን ተክል ሁሉ ግን ይህን መንገድ አልተከተለም። ጥምዝ፣ ማለትም ከቁንዶ በርበሬ ወገን የሆነውና ረጃጅም ዘለላ የሚመስል ፍሬ ያለው የደን ቅመም፣ በቦንጋ ገበያ ከኮረሪማ አጠገብ ይሸጣል፤ ሆኖም እስከ ዛሬ በአብዛኛው ከደን የሚለቀም ነው። ጥቅጥቅ ያለ ጥላና የማያቋርጥ እርጥበት ስለሚወድ የጓሮ ስስ ጥላ አይበቃውም፤ ዋጋውም ከኮረሪማ ያነሰ ሆኖ ስለኖረ ለድካሙ የሚበቃ ምክንያት አላስገኘም። በሌላው ጫፍ ደግሞ ኮሰረት አለ፤ በዱር የሚበቅለው ወንድሙ ከሴ ሲባል፣ ኮሰረት ግን በሰው ጓሮ ብቻ የሚገኝ፣ ቅቤ የሚያጣፍጥ ለስላሳ መዓዛ ያለው ዓይነት ነው። ኮሰረት ሙሉ በሙሉ የቤት ሆኗል፤ ጥምዝ ሙሉ በሙሉ ማለት ይቻላል የደን እንደ ሆነ ቀርቷል፤ ኮረሪማ በሁለቱ መካከል ቆሟል። በደን ያለው ኮረሪማና በጓሮ ያለው ኮረሪማ ዛሬም አንድ ዓይነት ተክል ናቸው።

ከጥቅም ባሻገር ለጌጥ የተተከለ የደን አበባ ነበረ ወይ የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። የቅርቡ መልስ እንሶስላ ነው። እንሶስላ በወንዝ ዳርና በእርጥብ የደን ጠርዝ የሚበቅል፣ ጉሮሮው በቀይ ሐምራዊ የተነከረ ትልቅ ነጭ አበባ የሚያወጣ ተክል ሲሆን፣ የሚፈለገው ግን ለአበባው ሳይሆን ለወፍራም ሥሩ ነው፤ ሴቶች ሥሩን ወቅጠው እጅና እግራቸውን ያቀሉበታል፤ ስለዚህም በጎጃምና በሌሎችም የኢትዮጵያ ክፍሎች በጓሮ ጥላ ሥር ተተክሎ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1847 ፈረንሳዊው አሺል ሪሻር በሳይንሳዊ ስም ከመዘገበው በኋላ ተክሉ ወደ አውሮፓ ጓሮዎች ተሻግሮ በአበባውና በሌሊት መዓዛው ብቻ የሚወደድ ሆኗል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1870 ዊልያም ሮቢንሰን ስለ ዱር ጓሮ የጻፈው መጽሐፍ፣ የደን አበቦችን ጥላ ሥር ለዓይን ደስታ መትከልን እንደ አዲስ ጥበብ አስተዋውቆ ነበር። በካፋ ግን የጥላ ጓሮ ከዚያ በፊት የነበረ ሲሆን ማንም ጥበብ ብሎ አልሰየመውም፤ ጌጥና ጥቅም ስላልተለያዩበትም ከጌጥ አትክልት ተራ አልተቆጠረም። ይህ የአካባቢው ሰው ለውበት ዓይን የለውም የሚል የሰነፍ ድምዳሜ ሊያስከትል አይገባም፤ ኮረሪማው ሲያብብ ቅጠሉን ገለጥ አድርጎ የሚመለከት ሰው ለምን እንደሚመለከት መጠየቅ አያስፈልገውም።

በቅርብ ዘመን ደኑና ጓሮው እንደገና በአንድ መዝገብ መታየት ጀምረዋል። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ፋርም አፍሪካ በተባለው ድርጅት አማካይነት በቦንጋ የተጀመረው አሳታፊ የደን አስተዳደር፣ ማለትም በደኑ ዙሪያ የሚኖረው ሕዝብ በማኅበር ተደራጅቶ ከመንግሥት ጋር በውል ደኑን የሚጠብቅበትና የሚጠቀምበት አሠራር፣ ከእንጨት ውጭ ያለውን የደን ውጤት፣ በተለይም ማር፣ ቡናና ቅመም የመልቀም መብትን በጽሑፍ አስፍሯል። የኮቦ መብት ከተሸረሸረ ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላ በሌላ ስምና በሌላ ቅርጽ በከፊል ተመለሰ ማለት ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእነ ዘመደ አስፋው ጥናት የኢትዮጵያን ጓሮ እንደ አንድ የእርሻ ሥርዓት ሲተነትን፣ ፈለቀ ወልደየስ እ.ኤ.አ. በ2011 ያቀረበው የዶክትሬት ድርሳን የባስኬቶንና የካፋን ጓሮዎችና ቅመሞቻቸውን አንድ ላይ መርምሯል፤ የቴፒ የቅመማ ቅመም ምርምር ማዕከልም ኮረሪማን ከሚያጠናቸው ሰብሎች አንዱ አድርጎታል። ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ከተመሠረተና ቦንጋ የክልሉ የፖለቲካ መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ከተማዋ እየሰፋች ነው፤ አዲስ በሚሠራ የከተማ ግቢ ውስጥ ደግሞ የዋንዛ ጥላና የረገፈ ቅጠል የሚተውለት ሰፊ ጓሮ ማግኘት ከገጠሩ ይልቅ ይከብዳል።

ኮረሪማን በግቢው ለማብቀል የሚፈልግ አንባቢ፣ ቦንጋም ሆነ ጅማ ወይም ዝናብና ጥላ ባለበት ሌላ ወይና ደጋ ቢኖር፣ ራይዞሙን ከደን ሳይሆን ጓሮው ካለው ሰው ይለምን። የደኑ ቁጥቋጦ ተነቅሎ ሲወሰድ የሚቀረው ባዶ አፈር ነው፤ የጓሮው ግን ሲከፈል ይበልጥ ይሰፋል፤ ባለቤቱም ቆርጦ መስጠት የለመደ ነው። ቁራጩ ዝናብ ሲገባ ጥላ ሥር ይተከል፤ የወደቀው ቅጠልም አይጠረግበት፤ ፍሬውም ቀልቶ ሳይበስል አይቆረጥ።